ዋስ የሚሆነን ሰው

ሮብ ገበያ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘመናይ፣

ወረቀትሽ ደረሰኝ። ሐምዱ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እሱም አላየሁም ለማለት ፊቱን ወደ ጨርቁ አዙሮ ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየ። የተረፈኝን ማረሻ እየተረከበ የሚሸጥልኝ ሰው አሁን ደግሞ ፖስተኛችን ሆኗል፤ ለዕቃ ማርቆስ በወረደ ቁጥር የእኔን ይዞልሽ ይሄዳል፣ ያንቺን ይዞልኝ ይመጣል። ይስጠው። ቤት ውስጥ ሰው ይሰማል፣ በስልክ አትደውልልኝ ያልሽኝን አልረሳሁም።

ጤናዬን ጠይቀሻል። ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ጮቄ ቀድሞ ነው የቀዘቀዘ፤ ጠዋት ገብሱ ላይ ውርጭ ተነጥፎ ይታያል። ልጄ አወቀ ከመተማ አልተመለሰም። «የቀጥቃጭ ልጅ እየተባልኩ ከምኖር ሰው አገር ሰሊጥ ባጭድ ይሻለኛል» ብሎኝ ነው የሄደ። ልፈርድበት አልችልም። ወናፍ የሚነፋልኝ ስለሌለ በአንድ እጄ እየነፋሁ በአንድ እጄ እቀጠቅጣለሁ። ሥራው ይሠራል፤ ቀኑ ነው የሚረዝም።

ማኅበሩ የምን ማኅበር ነው ላልሽው፣ ከወንዝ ማዶ ያለነው ቀጥቃጮቹና ሸክላ ሠሪዎቹ ያቋቋምነው ነው። ኑሯችንን ታውቂዋለሽ። መሬታችን ጓሮ ብቻ ነውና ለመያዣ የሚሆን የለንም። አበዳሪዎቹ «እርስ በርስ ዋስ የሚሆን ቡድን መሥርታችሁ ኑ» ይላሉ፤ ገበሬው ከእኛ ጋር ቡድን አይገባም። እድሩም አላስገባንም። ስለዚህ ክረምት ሊገባ ሲል የብረት መግዣ እናጣለን፤ ከውጭ ነጋዴ ይመጣና ገና ያልተሠራውን ማረሻ በግማሽ ዋጋ ይገዛናል። ዘር ሲደርስ ማረሻ ይወደዳል፤ ትርፉ ግን የእሱ ነው። አባታችንም እንዲሁ ሲሸጥ ነው ዕድሜው ያለቀ።

«ይኸ እስከ መቼ ነው?» ያለች የብርጓል ናት። እንስራ የምትሠራዋ፣ ባሏ የሞተባት፤ አንቺ ስትሄጂ ገና ሙሽራ ነበረች። «ሰው ዋስ ካልሆነን እኛው ለእኛው ዋስ እንሁን» ብላ ሰበሰበችን። ወረቀት ላይ ስሙ ረጅም ነው፣ የቁጠባና የብድር ምናምን ይላል። እኛ «ዋሳችን» እንለዋለን። በየወሩ በማርያም ቀን የየአቅማችንን እናዋጣለን። ብረት የሚገዛ ከዚያው ይበደራል፣ የታመመ ከዚያው ይበደራል። ሰው ሲሞትብንም ከዚያው እንቀብራለን።

አሁን ደግሞ ማርቆስ አንድ የማኅበረሰብ ፈንድ ተቋቁሟል። እንደ እኛ ባለሙያ ሆኖ አበዳሪ ላጣ ሰው የታሰበ ነው። በቆጠብነው ልክ በስጦታ ይጨምሩበታል፣ በዚያ ላይ ያበድሩናል። ከተሳካ፣ ማረሻ የሚሠራበትን ያረጀ የከባድ መኪና ባሌስትራ ብረት ደጀን ካሉት ጋራዦች በጅምላ እናመጣለን። ገበያው መሐል ቆርቆሮ የለበሰ መሸጫ እንሠራለን። እስካሁን የምንሸጠው አህያ ከሚታሰርበት ጥግ ነው፤ እሱም አልተለወጠም።

ለብድሩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ማርቆስ የሚኖር፣ የመንግሥት ደመወዝ ያለው አንድ ዋስ። ከወንዝ ማዶ ሰው ደመወዝተኛ የሆንሽ አንቺ ብቻ ነሽ። የት እንዳለሽ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ማርቆስ ገበያ ላይ ከባልሽ ጋር አይተውሽ፣ እንዳታፍሪ ብለው ፊታቸውን ያዞሩልሽ አሉ።

አልቸኩልም ብልሽ ውሸት ነው። ግን አስቢበት። ወንጌላዊትን በሩቁ ሳምኩልሽ።

ወንድምሽ እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ስለዘገየሁብህ ይቅር በለኝ። ፈተና እያረምኩ ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ፈተናውን ግን አርሜ ከጨረስኩ ሰንብቻለሁ።

ስለ አወቀ የጻፍከው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆማለሁ። እሱ እንኳን ነግሮህ ነው የሄደው።

ማኅበሩን ወድጄዋለሁ። ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ሒሳብ ሰጥቼ እነሱ ሲሠሩ እኔ የእናንተን በልቤ እሠራለሁ። ብድሩ ከተገኘና ከተባበራችሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያንን ነጋዴ ትረሱታላችሁ።

ዋስትናው ግን እኔ ብቻዬን የምፈርመው ነገር አይደለም። ጠይቄ ነበር። ያገባ ሰው ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ሲሆን ባልና ሚስት አብረው ነው የሚፈርሙት። አበባው ወረቀቱን ይዞ «እነዚህ ሰዎች ምንሽ ናቸው?» ይለኛል። ስንጋባ ለእሱም ለዘመዶቹም ያልኩትን ታውቃለህ፤ ቢቸና አክስቴ ዘንድ ያደግሁ፣ አባቴ ገበሬ የነበረ፣ እህት ወንድም የሌለኝ። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬ ምን ልበለው?

ክፉ ሰው አይደለም። እናቱ እትዬ ወለተ ማርያምም አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ደግ ናቸው። ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል፤ ስወልድ እንደ እናት ሆነው ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ወንጌላዊትን ይዘን ገበያ ወረድን። ድስት የምትሸጠው ሴት ልጄን አየት አድርጋ «ምን የመሰለች ልጅ ናት!» አለች። እትዬ ልጅቷን በነጠላቸው ጋርደው ጎተቱና «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸውን አትይ» አሏት። ድስቱን ግን ገዝተን ነው የተመለስነው። ያን ዕለት ማታም በድስቱ ወጥ ተሠራበት፤ ሁላችንም በላን። ሴትየዋ ዓይኗን ወደ እኔ አንሥታ ነበር። ታውቀኝ እንደሆነ እንጃ። መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝ። እኔም ቆጥሬ ተቀበልኳት።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርህ። ቤቴ ሰው ሞልቶበት ሳለ አንዳንዴ ስሜን ሲጠሩኝ ቶሎ አልሰማም። የሚጠሩት እኔን ሳይሆን እኔ የነገርኳቸውን ሴት ይመስለኛል። እሷ ናት ከእነሱ ጋር የምትበላው፣ የምትስቀው። እኔ ራቅ ብዬ ነው የማያት።

ከዚህ ጋር ከደመወዜ ያስቀመጥኩትን ልኬያለሁ። ለማኅበሩ ስጥልኝ። ከማን እንደሆነ ግን አትናገር። ዋስም ሌላ ሰው ፈልጉ። እለምንሃለሁ።

ዘመናይ


ሮብ ገበያ
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ነው የቆየሁብሽ። አልተቀየምኩም፤ ለምን ተቀየምከኝ ብለሽ በሐምዱ የላክሽብኝ አሳዘነኝ። በእህት ላይ መቀየም ለእኔ የሚሆን አይደለም፤ ያለችኝ አንድ ናት።

ብርሽን ከዚህ ጋር መልሼዋለሁ። ልቤ ሳይፈቅድ ነው የመለስኩት፣ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ትናንት ወዲያ በማርያም ቀን የብርጓል ቤት ተሰበሰብን። ሁሉም ያለውን አወጣ፣ ስሙ እየተጠራ ተመዘገበ። እኔም የራሴን ከሰጠሁ በኋላ ያንቺን አወጣሁ።

«ይኸስ የማን ነው?» አለች የብርጓል።

«የአንድ ወዳጅ» አልኳት።

«ወዳጁ ስም የለውም?»

ከፊቷ አኖርኩት። ሁሉም አውቆታል። የብርጓል ብሩን አልነካችውም። «እንዳላማው፣ እኛ እዚህ የተሰበሰብን ለብር ብቻ መስሎሃል?» አለችኝ። «ብሩማ ጥቂት በጥቂት ይሞላል። ስንሠራ እንፈለጋለን፣ ስማችን ሲጠራ ይታፈርብናል፤ እሱን ልናስቀር ነው የተሰበሰብን። የገዛ ልጃችን በስውር ከመጸወተችን ከሌላው በምን ተለየች?»

አንዳንዱ «ብር ነው፣ እንቀበል» አለ። እሷ ግን እምቢ አለች። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጇን አይቻታለሁ፣ ገበያ ላይ። አፌን አልያዝኩም፤ አደነቅኳት» አለች። ድስቱን የገዛችሁት ከእሷ ነበር።

ሐምዱ «እኔ ዋስ እሆናችኋለሁ» ብሎ ማርቆስ ድረስ ሄዶልን ነበር። ደመወዝ የለህም ብለው መለሱት። የፈንዱ ሰዎች እስከ ፋሲካ ይጠብቁናል። ከዚያ በኋላ ተራው ለሌላ ማኅበር ይሰጣል።

ያልሽውን አንብቤያለሁ፣ ራቅ ብዬ ነው የማያት ያልሽውን። እኔ ደግሞ እዚህ እቶኑ አጠገብ ተቀምጬ ያቺን ራቅ ብላ የቆመችውን ነው የማውቃት። ሌላይቱን አላውቃትም።

እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ዝግ ነበር። ሐምዱ ስላጣኝ ፖስታውን ቤት ድረስ ይዞት መጣ። የተቀበለው አበባው ነው።

አልከፈተውም። በጣቱ ዳበስ አደረገውና «ገንዘብ ነው መሰለኝ። ከሮብ ገበያ ነው አለኝ ሰውዬው። ሮብ ገበያ ማን አለሽ?» አለኝ።

«ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ አበድሬው ነበር» አልኩት።

«ጥሩ ልጅ ነው» አለና ሰጠኝ። ሌላ አልጠየቀም። ቀኑን ሙሉ ግን እቃ ሳነሳ እቃ ስጥል ዋልኩ። እራት ላይ እትዬ «ምን ሆነሻል፣ መልክሽ ጠፍቷል» አሉኝ። ራሴን አሞኛል አልኳቸው። ልብስ ደራርበው አስተኙኝ፣ ራሴን በቅቤ አሹልኝ። እንዲህ ሲሆኑልኝ ነው የምሰቃየው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

የብርጓል ያለችው ልክ ነው። ልክ መሆኑ ግን ካለሁበት አያወጣኝም።

ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ይቅር በለኝ።

ዘ.


ሮብ ገበያ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመናይ፣

አትጻፍልኝ ብለሻል። ይህች የመጨረሻዬ ናት። ሐምዱ ከአንቺ እጅ ሌላ ለማንም እንዳይሰጣት በአላህ ስም ምሎልኛል። ቤትሽ ድረስ መጥቶ ላስደነገጠሽ እሱም በጣም ነው ያዘነ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀኑን ማጣራት ነበረብኝ።

ባለፈው ማርያም ቀን ማኅበርተኞቹ ነገሩን እንደገና አነሡት። ሁለት ወንዶች «ትምህርት ቤቷ ሄደን ሰው ፊት እንጠይቃት፣ ያኔ እምቢ አትልም» አሉ። እኔ ተነሥቼ «በግድ የተገኘ ዋስ አልፈልግም። እህቴን የሚያዋርድ ከእኔ ጋር አይኖርም» አልኳቸው። ተጯጯህን። ከዚያ ወዲህ ደጄ የሚመጣ የለም። ገበያ ላይም ጎን ለጎን ተቀምጠን በየፊናችን እንሸጣለን። ከገበሬው ተገልሎ መኖሩንስ ለምደነዋል። ከወገን መገለሉ አዲስ ሆነብኝ።

የብርጓል ብቻ አንድ ቀን ደረቅ እንጨት ይዛልኝ መጣች። ደጃፉ ላይ አስቀምጣው ተመለሰች። አልገባችም።

ነጋዴው ደግሞ ዘንድሮ ቀድሞ መጥቷል። ወንዙን ተሻግሮ ቤት ለቤት እየዞረ ነው። አንዳንዶቹ ከአሁኑ እጃቸውን እየሰጡት ይመስለኛል። እኔ ገና አልሸጥኩም።

ይኸን የምነግርሽ እንድትጨነቂ አይደለም። ማኅበሩ ካንቺ ሌላ እየፈለገ ነው፣ አንቺ ነፃ ነሽ። ኑሮሽን ኑሪ፤ ልጅሽን አሳድጊ። ስልክ አልደውልም፣ አልጽፍም። በሕይወት መኖሬን ማወቅ ከፈለግሽ ሐምዱን አየት አድርጊው፤ እሱ ከሣቀልሽ ደህና ነኝ ማለት ነው።

እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሐምዱን አየሁት፤ ሣቀልኝ። ግን ሣቁ ደስ አላለኝም። ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ያቺ እንጨት አስቀምጣ የተመለሰችው ሴት ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ነገርኩት።

እሑድ ነበር። እትዬ ወንጌላዊትን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አበባው ግቢው ውስጥ ቧንቧ እየጠገነ፣ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነው። እንዴት እንደምጀምር ስንት ጊዜ አስቤበት ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

«አበባው፣ ወንድም አለኝ» አልኩት።

ከቧንቧው ቀና አላለም። «አውቃለሁ» አለ።

«ሮብ ገበያ ነው። ቀጥቃጭ ነው። አባቴም ቀጥቃጭ ነበር፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

የያዝኩት ልብስ ውኃው እየተንጠባጠበ እግሬን አራሰው። ስንጋባ በዚያው ዓመት የሥራ ባልደረባው የሆነ የእኛው ወረዳ፣ የስናን ሰው ነግሮት ኖሯል። «ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«አንቺ ዝም ስላልሽ» አለ። «ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዓመት ሲሆን ትንሽ ተናደድኩ። ሁለት ሲሆን አዘንኩልሽ። ከዚያ በኋላ መጠበቁንም ረሳሁት።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? አልተጣላንም፣ አልጮኸም። እኔ ግን ገመዱን ይዤ አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዬን የተሸከምኩ ይመስለኝ ነበር። እሱም በዚያው አልጋ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለብቻው ተሸክሞት ኖሯል። አንዳችን ለአንዳችን አንድ ቃል ብንወረውር ኖሮ!

ስለ ማኅበሩ ሁሉንም ነገርኩት። ነጋዴውን፣ ቡድን የሚገባ ስለማጣታችሁ፣ አህያ የሚታሰርበትን ጥግ። ጥያቄው ሁሉ የሥራ ሰው ጥያቄ ነበር፣ ብድሩ በስንት ጊዜ ይመለሳል፣ ሰብሳቢዋ ማን ናት። ስጨርስ እጁን ታጠበና «እፈርማለሁ» አለ። ከዚያ ቆም ብሎ «እናቴ ግን አትስማ። በዚህ ዕድሜዋ አትችለውም» አለኝ። እሺ አልኩት። ፊርማውን እንዳላጣው ብዬ እሺ አልኩት፤ እሺታዬ ምን ያህል እንደሚከብድ የታወቀኝ ማታ እሳቸው ምግብ ሲያቀርቡልኝ ነው።

ረቡዕ አብረን ሄደን ፈረምን። ወረቀቱን የምትሞላው ልጅ «ከማኅበሩ ጋር ያለዎት ግንኙነት?» አለችኝ። ቢሮው ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። «ወንድሜ አለበት። ሌሎቹም ወገኖቼ ናቸው» አልኳት። ልጅቷ ጻፈችው። ቀና ብሎ ያየኝም የለም። ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

ለየብርጓል ንገርልኝ፤ ያንን ብርም መልሼ ልኬዋለሁ። ከማን ነው ካለች፣ ከዘመናይ ነው በላት።

እህትህ


ሮብ ገበያ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘመናይ፣

ምን ይመስላል ብለሽ ጠይቀሻል፣ መሸጫው።

ቆርቆሮ ለብሷል፣ ወለሉ ድንጋይ ነው፣ ከእህል ተራው ፊት ለፊት ነው። በአንድ ወገን ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ምሳሩ ይደረደራል፤ በሌላው የሴቶቹ እንስራና ድስት። መጀመሪያ የከፈትን ዕለት ገበሬዎቹ ከወትሮው ጥግ ሄደው ሲያጡን ግራ ገብቷቸው ገበያውን ዞሩት። አንድ ሽማግሌ ደርሰው «እናንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አሉ። የብርጓል «እንሸጣለን አባቴ፣ ቤታችን ነው» አለቻቸው። ትንሽ ቆመው አዩን፣ ከዚያ ማረሻ መርጠው ገዙ። ማረሻዬን በሙሉ ዋጋው ስሸጥ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው ብልሽ ታምኝኛለሽ?

ባሌስትራውን ከደጀን በአይሱዙ አመጣን። ነጋዴውም እንደ ልማዱ መጣ። «ዘንድሮስ እንዴት ናችሁ?» አለ። «ደህና ነን፣ ዋጋው እንደ ገበያው ነው» አልነው። ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። የተጣሉኝ ሁለቱም ታረቁኝ። ያንቺም ስም በመዝገቡ ከእኛ ጋር ነው። የብርጓል ብርሽን ስትቀበል ስምሽን ሁለት ጊዜ ነው የጠራችው፣ መጀመሪያ ያልተሰማ አስመስላ።

አወቀ ደውሎ ነበር። ወሬው እዚያ ድረስ ደርሶታል። «እውነት ነው?» አለኝ፤ እውነት ነው አልኩት። እመጣለሁ ግን አላለም። እኔም ና አላልኩት፤ ራሱ እንዲለው ፈልጌ ነው። ገበያ ሲበተን ሁሉም ወደ ልጆቹ ይሮጣል፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለሚያድር የምቀር እኔ ነኝ። ባዶውን ቤት ትንሽ አየዋለሁ። አንቺም አወቀም አላያችሁትም።

ስለ መገናኛችን ያልሽውን አሰብኩበት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የብድሩን የመጀመሪያ መመለሻ ይዤ ማርቆስ እወርዳለሁ። ከቢሮው በር ላይ እንገናኝ ብለሻል። ለአበባው ቃል ስለገባሽ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን እህቴን እንደ ሌባ ጥግ ይዤ ማየት አልፈልግም። ቤትሽ መጥቼ አንኳኩቼ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ልጅሽን ስሜ መመለስ ነው የምፈልግ። የምዋሸው አይኖርም፣ የምጨምረውም የለም።

አትምጣ ካልሽ በሐምዱ ላኪብኝ፤ እቀራለሁ። ዝም ካልሽ ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ እመጣለሁ።

እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ዝም ያልኩት እንድትመጣ ብዬ ነው። ዛሬ ቤት እሆናለሁ ብዬም ነበር። ጠዋት ለዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ ድንገት ጠሩን፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ሄደሃል።

የሆነውን የነገረችኝ ወንጌላዊት ናት። አንተ የምታውቀውን መልሼ እጽፍልሃለሁ፤ ልጄ ምን እንዳየች እንድታውቅ።

በሩን የከፈቱት አያቷ ናቸው። «ማን ልበል?» አሉህ።

«እንዳላማው እባላለሁ። የዘመናይ ወንድም ነኝ።»

«ዘመናይ ወንድም የላትም።»

«አላት እትዬ። ሮብ ገበያ ነው የምኖር፣ ቀጥቃጭ ነኝ።»

እትዬ በሩን እንደያዙ ብዙ ቆሙ አለች። ከዚያ ገቡና ወንበር ይዘው ወጡ። ግቢው ውስጥ፣ ከቤቱ ራቅ አድርገው አስቀመጡት። «ይቀመጡ፣ ትመጣለች» አሉህ፤ አንቱ ብለው። አንተም አመስግነህ ተቀመጥክ። እሳቸው ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ውኃ አላመጡልህም። ወንጌላዊት በብርጭቆ ቀድታ ልትወጣ ስትል እጇን ያዟት። በመስኮት ስታይህ ፈገግ አልክላት አለች። «እማዬ፣ እጁ ትልልቅ ነው፣ ያንቺን ጣት ይመስላል» አለችኝ። ያንን ከመቼው እንዳየችው!

ከዚያ ዝናብ መጣ። ይግቡ የሚልህ ሰው ስታጣ ተነሣህ። ወንበሩን አንሥተህ ዝናብ እንዳያገኘው ከጣራው ጠርዝ ሥር አስጠጋኸው አለች። ከዚያ ኮትህን ራስህ ላይ አድርገህ ወጣህ።

እኔ ስደርስ እትዬ ምድጃው አጠገብ ናቸው። «ወንድምሽ መጥቶ ነበር» አሉኝ። አልጮኹም። ወደ እኔም አልዞሩም። ሰውዬው አላሉም፣ ወንድምሽ ነው ያሉት፤ እሱን ይዤ እስካሁን አገላብጠዋለሁ። መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እስከ አደባባዩ ድረስ በዝናብ ሮጥኩ፣ ሐምዱን ሱቅ ለሱቅ ፈለግሁት። ሄዳችኋል።

ወንበሩ ግን ከጣራው ሥር እንዳስጠጋኸው ነው። እሳቸው አላስገቡትም። ወንጌላዊት ልታስገባው ስትል «ተይው» አሏት። እኔም ላስገባው ብዬ አነሣሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ተቀመጥኩበት። ይህንን የምጽፍልህ እዚያው ላይ ሆኜ ነው።

አበባው አሁን ከሥራ መጣ። ግቢው መሐል ቆሞ አየኝ፣ በሩን አየ። ገባ። ከእናቱ ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ቃሉን አልለየውም። ተቆጥቶ ይወጣል፣ ቃልሽን አፈረስሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሌላ ወንበር ይዞ ወጥቶ ጎኔ አስቀመጠው።

«ብዙ ጠበቀ?» አለኝ።

«ዝናቡ እስኪመጣ» አልኩት።

ዝናቡ አባርቷል፣ ብርዱ ግን ጀምሯል። የምጽፈውን እያየ ነው፣ ሰላም በይልኝ ብሎሃል። ውስጥ መብራት በርቷል። እስካሁን ግቡ ያለን የለም።

ዘመናይ